ከመሳቢያ ወደ ጆሮ፦ ረዳት ነርሶችን የማሠልጠን ማስታወሻ

ከመጀመሪያው በፊት

ነገሩ የተጀመረው በአንድ መሳቢያ ነው። በአረጋውያን መኖሪያችን ከነርሶች ጠረጴዛ ላይ ቁልፍ ስፈልግ የታችኛውን ሳብኩት። ውስጡ ሰባት የመስሚያ መሣሪያ ተኝቷል። አንዱ በሶፍት ተጠቅልሏል። ሁለቱ የማን እንደሆኑ አይታወቅም። የአንዱ ባትሪ እዚያው ቆይቶ ዝጓል።

በማግስቱ መዝገብ ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። 41 ነዋሪዎች አሉን። የመስሚያ መሣሪያ አላቸው ተብለው የተመዘገቡት 11 ናቸው። በዚያን ጠዋት መሣሪያው ጆሯቸው ላይ ሆኖ፣ እየሠራም ያገኘኋቸው ሦስት ብቻ። አንዷ እናት ደግሞ የግራውን በቀኝ አድርገውታል። ልቁጠራቸው አልቁጠራቸው ብዬ ትንሽ አመነታሁ። ቆጠርኳቸው።

እዚህ ቤት ክፉ ሰው የለም። ነርሶቹ የረዳቶቹ ሥራ ይመስላቸዋል። ረዳቶቹ የነርሶቹ ሥራ ይመስላቸዋል። የመስማት ባለሙያዋ በወር አንድ ቀን መጥታ ሁሉንም አስተካክላ ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን ግማሹ መሳቢያ ይገባል።

ነዋሪን ጠዋት የሚያነሳው፣ ፊት የሚያጥበው፣ ልብስ የሚያለብሰው፣ ማታ የሚያስተኛው ረዳት ነርስ ነው። ጆሮ አጠገብ በቀን አራት አምስት ጊዜ የሚደርስ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ኃላፊዋን ለረዳቶቹ ሥልጠና ልስጥ ብዬ ጠየቅኳት። «ስጪ፣ ግን ከሥራ እንዳታስፈቻቸው» አለችኝ። 14 ረዳቶች፣ 10 ሳምንት፣ በሳምንት 20 ደቂቃ።

ሳምንት 1

ከሸፈ። ሌላ ቃል የለውም።

ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የመስማት ሪፖርት ላይ ያሉትን ቁጥሮች ደረደርኩ። የመስማት ችግራቸው ሕክምናና እገዛ የሚፈልግ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አሉ። በ2050 ቢያንስ 700 ሚሊዮን ይሆናሉ። ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ ሰዎች ሩብ ያህሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ግን ሌሊቱን 12 ሰዓት ሙሉ የሠራች ልጅ ፊት ለፊቴ አንቀላፍታለች፣ እኔም አልፈርድባትም።

ሲያልቅ በሥራው ሃያ ዓመት ያስቆጠረችው ነባሯ ረዳት እጇን አወጣች። «እሺ፣ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እማማን ሳነሳ ምን ላድርግ?»

መልስ አልነበረኝም። ስላይዱ ላይ የለም።

ከዚያን ቀን የተረፈ አንድ ነገር አለ። ሌላዋ ረዳት ስለ ጥግ ክፍሉ አባባ አነሳች። «እሳቸው ሲፈልጉ ይሰማሉ፣ ሳይፈልጉ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ሰው ጸጥ ባለ ክፍል ፊት ለፊት ሲያናግሩት ሰምቶ፣ ኮሪደር ላይ ከኋላ ሲጠሩት ካልሰማ፣ ይኼ ጠባይ አይደለም። የዕድሜ የመስማት ችግር ልክ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስላይዱን ሰረዝኩት።

ሳምንት 2

ዛሬ ወንበርም ስላይድም የለም። ለስላሳ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ አደልኩና የተረኛ ርክክቡን ራሱን ትምህርት አደረግኩት። ስድስት ረዳቶች ጆሯቸውን ደፍነው ቆሙ። እኔ እንደ ወትሮው አወራሁ። እንደ ወትሮው ማለት፦ ወደ ሰሌዳው ዞሬ እየጻፍኩ፣ ወረቀት እያገላበጥኩ፣ አንዷ ጋሪ እየገፋች በመሃላችን እያለፈች። ከዚያ የሰማችሁትን ጻፉ አልኳቸው።

ሁለቱ የአንዱን ነዋሪ መልእክት ለሌላው ሰጡት። አንዱ ባዶ ወረቀት መለሰ። አንዷ ልጅ ግን ሙሉውን ጊዜ ራሷን እየነቀነቀች «እሺ፣ እሺ» ስትል ስለነበር ሁሉም ገብቷታል ብዬ ነበር። ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ።

«ለምን እሺ አልሽኝ ታዲያ?»

«ሁለቴ ምን አልሽ አልኩሽ። ሦስተኛ ማለት አፈርኩ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ነባሯ ቀስ ብላ «እማማም ሁልጊዜ እሺ ነው የሚሉኝ» አለች።

ከዚህ በኋላ አንድ ደንብ ወጣ፣ ያወጡት ደግሞ እነሱ ናቸው። «እሺ» መልስ አይደለም። ነገሩን ከተናገርን በኋላ ነዋሪው በራሱ አነጋገር መልሶ ካልነገረን አልሰማም ብለን እንይዛለን።

ለሐቁ ያህል፣ የጆሮ መድፈኛ የእርጅናን ጆሮ በትክክል አያሳይም። መድፈኛው ድምፅን ሁሉ ይቀንሳል። ዕድሜ ግን መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፣ የቀረውንም ያዛባዋል። ደግሞም ትንሽ ድምፅ የማይሰማ ጆሮ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት ሊያመው ይችላል። «ምን?» ያሉ ሰው ጆሯቸው ላይ ስንጮህባቸው «ምን ያስጮህሻል!» ብለው የሚቆጡት ለዚህ ነው። ይኼንንም ጠባይ ብለነው ኖረናል።

ሳምንት 3

የዛሬው በጣም ደስ ያለኝ ነው። ትንሽ ልዘርዝረው።

እንደ «አ»፣ «ኦ» እና «ኡ» ያሉት አናባቢዎች ወፍራም ድምፆች ናቸው። በዕድሜ የደከመ ጆሮ እነሱን አብዛኛውን ጊዜ ይሰማል። የሚጠፉት እነ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ»፣ «ት» ናቸው። ስለዚህ ነዋሪው ድምፃችንን ይሰማል፣ ቃላችንን ግን አይለይም። «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚሉን እውነታቸውን ነው። ስንጮህ ደግሞ የሚጎላው አናባቢው ነው። «ስ» ብትጮህም ያው «ስ» ናት።

ከዚያ ከረዳቶቹ አዲሱ ልጅ አንድ ጨዋታ አመጣ። ከቁጥሮች ላይ «ስ»ን እናውጣ አለ። ከአንድ እስከ አሥር ቆጠርን። ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ አሥር፦ ከአሥሩ ስድስቱ «ስ» አለባቸው። ወደ ላይም ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። የቋንቋችን ቁጥር ለከበደ ጆሮ ወጥመድ ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምናወራው ቁጥር ነው፦ የመድኃኒት ሰዓት፣ የሐኪም ሰዓት፣ የክፍል ቁጥር፣ የኪኒን ብዛት።

ነባሯ ድንገት ሳቀች። ባለፈው ወር የጥግ ክፍሉን አባባ «ሐኪሙ ሰባት ሰዓት ይመጣል» ብላቸው «የማን አባት?» ብለዋታል። ሁሉም የመርሳት በሽታው ጀመራቸው ብለው ነበር። መዝገብ ላይም ተጽፏል፦ «ግራ መጋባት ታይቶባቸዋል።» ከ«ሰባት» ላይ «ስ»ን ብታነሱ የሚቀረው ምን እንደሆነ እስቲ በሉት።

ስለዚህ ቁጥር በአፍ ብቻ አይነገርም። በጣትም ይታያል፣ በወረቀትም በትልቁ ይጻፋል።

የቀረውን በተግባር ሠራነው። ከፊት ቅረብ። ሰውየው እስኪያይህ ጠብቅ። መስኮት ከጀርባህ ከሆነ ፊትህ ጨለማ ነው፣ ዙር። ለብዙ ሰው አንዱ ጆሮ ይሻላል፣ የቱ እንደሆነ እወቅ። መጀመሪያ የምታወራበትን ጉዳይ ንገረው፣ ከዚያ ዝርዝሩን። አልሰማም? ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አትድገመው፣ በሌላ ቃል ለውጠው። ርቀትን አትናቀው፣ እንቅፋት በሌለበት ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፅ ጉልበት በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ከበር ላይ መጮህ ቀርቶ አልጋው ድረስ መሄድ ይሻላል። ከንፈር ማየትም ይረዳል፣ ግን ሁሉን አይፈታም። «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፣ በመስታወት ሞክሩት። ማስክ ካለ ደግሞ ከንፈሩም የለም፣ ቀጫጭኑ ድምፅም ይቀንሳል።

ሳምንት 4፣ ሰኞ

መሣሪያ የመያዣ ቀን። ለጆሮ የሚሠራ ቅርጽ የሚለካው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እርስ በርስ መለማመድ አይቻልም። የጎማ ጆሮ የለኝም። ምን ላድርግ ስል የ6 ቁጥሩ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ «የኔ ጆሮ ምን ሆነ?» አሉኝ። ሁለቱም ጆሯቸው መሣሪያ አለው። ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ረዳቶቹ ተሰለፉ።

ከኔ የበለጡ አስተማሪ ወጣቸው። «አይደለም፣ አዙሪው። ጆሮዬን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ፣ ከዚያ አስገቢ። አትፍሪ፣ አይነቀልም።» ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ ሰጡ። አዲሱ ልጅ አራት አገኘ። ይግባኝ ጠየቀ። ተከለከለ።

የቀኝ መሣሪያ ቀይ ምልክት አለው፣ የግራው ሰማያዊ። ቀይና ቀኝ ሁለቱም በ«ቀ» ይጀምራሉ፣ ከዚህ በኋላ የሚረሳ የለም። ባትሪውም በቀለም ነው የሚለየው፦ 10 ቁጥር ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። አንዷ ረዳት «ሰማያዊው ባትሪ ለግራ ጆሮ ነው?» ስትል ጥቂቶች ሊስቁ ነበር። እኔ ግን ጉንጯን ልስማት ምንም አልቀረኝም። የባትሪ ቀለም የመጠን ነው፣ የመሣሪያ ቀለም የጎን ነው። ማንም ሊያምታታው ይችላል፣ እኔም ሳላስበው ላልፈው ነበር።

ይህ ባትሪ በአየር ነው የሚሠራው። ጀርባው ላይ ያለው ተለጣፊ ሲነሳ በቀዳዳዎቹ አየር ገብቶ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ተለጣፊውን ካነሳን በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል አየር ላይ እናቆየዋለን፣ ከዚያ ወደ መሣሪያው። አንዴ ከተነሳ ደግሞ ብንለጥፈውም አይመለስም፣ ባንጠቀምበትም ያልቃል። ማታ መሣሪያው ሲወልቅ የባትሪው በር ክፍት ይደር። በቻርጅ የሚሠሩት ግን ሌላ ናቸው፣ ወደ ቻርጀራቸው ይመለሱና መብራቱ መብራቱን እናያለን።

ይሠራል አይሠራም? መዳፍ ውስጥ ይዞ መጨበጥ ነው። ካፏጨ ሕይወት አለው። ካላፏጨ ወዲያው ሞቷል አንበል፣ አዳዲሶቹ ፉጨቱን ራሳቸው ያፍኑታል። ጆሮ ላይ ሆኖ የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደንብ አልገባም፣ ወይም ጆሮው ውስጥ ኩክ አለ፣ ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል።

ሳምንት 4፣ ዓርብ

አንድ መሣሪያ ከአንሶላ ጋር ታጠበ። የተገኘው ማድረቂያው ውስጥ ነው። ሞቷል።

ለቤተሰቡ የደወልኩት እኔ ነኝ። ያጠፋው ረዳቱ አልነበረም፣ የቦታ አለመኖር ነው። መሣሪያው ሲወልቅ የት ይቀመጥ ብለን አልተስማማንም፣ ስለዚህ ትራስ ላይ ይቀመጣል። ከሰኞ ጀምሮ ከእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ክዳን ያለው፣ ስም የተጻፈበት አንድ ሣጥን ይኖራል። መሣሪያ ወይ ጆሮ ላይ ነው ወይ ሣጥን ውስጥ። ሦስተኛ ቦታ የለም። አንሶላ ከመነሳቱ በፊት ሣጥኑ ይታያል።

ሳምንት 5

ዛሬ ስለ ኩክ። ቀላል ይሆናል ብዬ ገብቼ ከባዱ ሆነብኝ።

ነባሯ ረዳት ለዓመታት በየሳምንቱ የነዋሪዎቹን ጆሮ በጥጥ ዘንግ ስታጸዳ ኖራለች። ከፍቅር ነው። ንጹሕ ሰው ንጹሕ ጆሮ ይኑረው ብላ ነው። እኔ ደግሞ በሁሉም ፊት ጥጥ ዘንግ ጆሮ ውስጥ አይገባም ልል ነው የቆምኩት። ስለዚህ አስቀድሜ ለብቻዋ ነገርኳት። ፊቷ ተቀያየረ። «ታዲያ ስንት ሰው አደንቁሬአለሁ?» አለችኝ። አላደነቆርሽም አልኳት። ግን ውሸት ልነግራትም አልፈለግኩም፦ ከምታወጪው ይልቅ የገፋሽው ይበዛል።

ኩክ ቆሻሻ አይደለም። የጆሮን ቀዳዳ ቆዳ ያለሰልሳል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል። መንጋጋ ሲንቀሳቀስም ይረዳዋል። በዕድሜ ግን ይደርቃል፣ የጆሮ ፀጉርም ይሻክራል። መሣሪያ ወይም ጥጥ ሲመጣ ደግሞ መውጫውን ይዘጋበታል። ከአረጋውያን ከሦስቱ ከአንዱ በላይ በሚሆኑት ላይ ኩክ ጆሮን እስከ መድፈን ይደርሳል። በዚህ ላይ የመስሚያ መሣሪያ ብትጨምሩ ግድግዳ ጀርባ ሬዲዮ እንደ መክፈት ነው።

የረዳቱ ሥራ ማውጣት አይደለም፣ ማየትና መናገር ነው። የጆሮው ውጭ በፎጣ ይታጠባል፣ ያ በቃ። ሕመም፣ ፈሳሽ፣ ደም፣ ሽታ፣ ማዞር ካለ በዚያው ሰዓት ለነርስ። ማለስለሻ ጠብታም ሆነ በውኃ ማጠብ ነርሷ ወይም ሐኪሙ በጆሮ መመልከቻ አይቶ የሚወስነው ነው፣ ታምቡሩ የተቀደደ ጆሮ ውስጥ ውኃ አይገባም። ውኃውም የሰውነት ሙቀት ያለው መሆን አለበት። ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ ሰውየውን ያዞረዋል።

ከሥልጠናው በኋላ ነባሯ የቀሩትን የጥጥ ዘንጎች ሰብስባ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻቸው። ምንም አላለችም።

ሳምንት 6

መስኮት አጠገብ ያሉት እማማ ሲታጠቡ ይማታሉ። መዝገባቸው ላይ «ጠበኛ» የሚል ቃል አለ። ሁለት ሰው ካልያዛቸው አይታጠቡም ተብሏል።

ነባሯ መጥታ «ጆሯቸውን እዪልኝ» አለችኝ። በመመልከቻ አየሁ። ሁለቱም ድፍን። ታምቡር አይታይም። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘ፣ በአምስተኛው ቀን ታጠበ። የወጣውን አልገልጽላችሁም።

ሌላውን ለውጥ ያመጣችው ደግሞ ራሷ ነባሯ ናት። እስካሁን ከኋላ መጥተን ልብሳቸውን እንጎትት ነበር። ለሳቸው ከየት እንደመጣ የማያውቁት እጅ ነው። አሁን ፊታቸው ትቀመጣለች፣ እስኪያዩዋት ትጠብቃለች፣ ፎጣውን ታሳያቸዋለች፣ እጃቸውን ትይዛለች። ከዚያ ትጀምራለች። መሣሪያ ገላ ሲታጠቡ ስለሚወልቅ ሥራውን በምልክትና በፊት እንጂ በቃል አትመራውም።

ሁልጊዜ አይሳካም። ሐሙስ ዕለት ነባሯን በጥፊ ብለዋታል። ግን በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ በአንድ ሰው ብቻ ታጥበዋል። «ጠበኛ» የሚለው ቃል እንዲነሳ ጠይቄአለሁ። የመርሳት በሽታቸው ያው አለ፣ እሱን ኩክ አላመጣውም።

ሳምንት 7

መመገቢያ አዳራሹ። ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይዘጋል። ዘጋነው። አንድ አባት ተቃወሙ፣ የሚያዩት እሳቸው ናቸው ለካ። ለሳቸው በጆሮ ማዳመጫ ሆነ። ከወንበር እግሮች በታች ስፖንጅ ተለጠፈ። ያ ብቻ ነው፣ ልዩነቱ ግን ይሰማል።

ሳምንት 8፣ ማክሰኞ

አዲሱ ልጅ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እየሮጠ መጣ። የ14 ቁጥሯ እናት ሁልጊዜ ስልክ በቀኝ ጆሯቸው ነው የሚያወሩት። ዛሬ በግራ ይዘውታል። ጠየቃቸው። «ትናንት ስነሳ ቀኙ ዝም አለ» አሉት።

አየሁት፣ ኩክ የለም። ሕመምም የለም። ሰው ብዙ ጊዜ «ኩክ ይሆናል» ብሎ ሳምንት ይጠብቃል። በሦስት ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ድንገት የጠፋ መስማት ግን ድንገተኛ ሕክምና ነው። መድኃኒቱ የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተስፋው ይቀንሳል። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዱ፣ ስቴሮይድ ተጀመረላቸው።

ልጁ አራት ከአሥር ያገኘው ነው። ለመምህሩ ነገርኳቸው። «ይግባኙ ይታያል» አሉ።

ሳምንት 8፣ ዓርብ

አንድ ባትሪ ጠፋ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ነዋሪዎች ባሉበት ክፍል። ሃያ ደቂቃ ወለል ላይ ተንበረከክን። ከአንዷ ረዳት ጫማ ሥር ተለጥፎ ተገኘ።

ሳቅን፣ ግን አስቂኝ አይደለም። የተዋጠ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከቀረ በሰዓታት ውስጥ ያቃጥላል። ጆሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ የገባም እንዲሁ ነው፣ እዚያ ላይ ጠብታ መጨመር ደግሞ ያባብሰዋል። ተውጧል ብለን ከጠረጠርን አናስመልስም፣ አንጠብቅም፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ከዛሬ ጀምሮ አሮጌው ሳይመለስ አዲስ አይሰጥም፣ ሁሉም በቁልፍ ነው።

በዚያው ቀን የአንዲት ነዋሪ ልጅ ስለ እናቱ ጠየቀኝ፦ «መሣሪያው የመርሳት በሽታ ይከላከላል ይባላል፣ እውነት ነው?» ቀላል መልስ ብሰጠው ደስ ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለ3 ዓመት ተከታትሏል። በሁሉም ላይ ሲታይ ልዩነት አልተገኘም። ለአእምሮ መዳከም ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ብቻ ሲታይ ግን የመዳከሙ ፍጥነት በ48 በመቶ ቀንሷል። እናቱ 91 ዓመታቸው ነው፣ ከዚያ ጥናት ዕድሜ ውጭ ናቸው። «እሱን ቃል አልገባልህም» አልኩት። «ስትጠይቃቸው ግን በሌላ ነገር አይመልሱልህም።» ይበቃኛል አለ።

ሳምንት 9

የጥግ ክፍሉ አባባ መሣሪያ አይፈልጉም። ሞከርን። ባለሙያዋ ድምፁን ዝቅ አደረገችላቸው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ብለን ጀመርን፣ አዲስ መሣሪያ ለመልመድ ሳምንታት ይወስዳልና። በአራተኛው ቀን አውልቀው ሰጡኝ። «የራሴን እርምጃ ስሰማ ሰው የሚከተለኝ ይመስለኛል።»

ሳምንቱን ሙሉ ስከራከራቸው ነበር። ነባሯ ጎተት አድርጋ «ተያቸው፣ ጆሮው የሳቸው ነው» አለችኝ። አፈርኩ። አሁን አንድ ትንሽ የድምፅ ማጉያ አለችን፣ ማይክ ያላት ሣጥንና በራስ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ። ሐኪም ሲመጣ ብቻ ያደርጓታል። ሲሄድ ያወልቃሉ። ባለፈው ሐኪሙን ያለማቋረጥ ሩብ ሰዓት ጠየቁት። መውጫው ጠፍቶት ነበር።

ሳምንት 10

ዛሬ ጠዋት ያንኑ መዝገብ ይዤ ዞርኩ። በዚህ መሃል ሁለት አዲስ መሣሪያ ስለመጣ 13 ሆነዋል። ጆሮ ላይ ሆኖ የሚሠራው 10። አንዱ ጥገና ላይ ነው፣ አንዱ የጥግ ክፍሉ አባባ ነው፣ አንዱ ሣጥን ውስጥ ባትሪ አልቆበት ተቀምጧል። የባትሪው ጥፋት የማታ ተረኞች ነው እንዳልል ግን እነሱን ያሠለጠንኳቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የሥልጠናው ሰዓት ለቀን ሰው የተቆረጠ ነበር።

የ14 ቁጥሯ እናት ቀኝ ጆሮ በከፊል ተመልሷል። ስልኩን ግን አሁንም በግራ ነው የሚይዙት።

መሳቢያው ውስጥ ወረቀትና የጠረጴዛው ቁልፍ አለ።

ማታ ስወጣ መምህሩ መሣሪያቸውን እያወለቁ ነበር። «ቀኑን ሙሉ የናንተን ወሬ ስሰማ ደከመኝ» አሉ። ለሥልጠናዬ ስንት ይሰጡኛል አልኳቸው፣ ፊታቸው ቆሜ፣ ቀስ ብዬ። አንድ ነገር አሉኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ጋሪ እያለፈ ስለነበር አልሰማሁም። ስድስት ነው ሰባት? እንደገና ጠየቅኩ። አልደገሙልኝም። አንዱን እጃቸውን ሙሉ ዘረጉ፣ ከሌላው ሁለት ጣት ጨመሩ።

ሰኞ፦ የማታ ተረኞች፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ጆሮ መድፈኛ ይዤ። 312 ባትሪ ይታዘዝ።